ሀርድ ዲስኩ "ቀጭ ቀጭ" ካለ እጃችሁን አንሱ፦ ከተበላሸ ኤክስተርናል ላይ ፋይል ስለማውጣት

የኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ዋጋው ውስጡ ያለው ነገር ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚደረደሩትን ጥቋቁር ሳጥኖች አስቡ፤ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ዛሬ በሕይወት የሌለ አባት ልጁን ሲመርቅ የሚታይበት ብቸኛው ቪዲዮ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደሞ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሳጥኑ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል። ውስጡ የነበረው ግን ገበያ ላይ የለም።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ባያስፈልጋችሁም ሴቭ አድርጉት። ዋናው መልእክቱ አንድ ነው፦ ብዙ ዲስክ የወደቀ ዕለት ገና አልሞተም፤ የሚሞተው ከወደቀ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ "እስቲ አንዴ ልሞክረው" በሚል እጅ ነው። ይህን እያነበባችሁ ዲስካችሁ ተሰክቶ እንግዳ ድምፅ እያሰማ ከሆነ መጀመሪያ ንቀሉት። ከዚያ ተረጋግታችሁ አንብቡ። ተነቅሎ የተቀመጠ ዲስክ እየባሰበት አይሄድም።

ውስጡ ምን አለ?

ኪስ የሚገባው ተራው ኤክስተርናል (ባለ 2.5 ኢንቹ) ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሰሃን አለ። ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። ከሰሃኑ በላይ "ሄድ" የሚባል ትንሽዬ ማንበቢያ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሰሃኑን ግን አይነካም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጥቂት ናኖሜትር የሚለካ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር እንደሚጠጋ ካሰባችሁት፣ ለዚህ ማንበቢያ የጣት አሻራ ኮረብታ ነው፤ የአቧራ ቅንጣት ደሞ ጦሳ ተራራን ያክልበታል።

ዲስኩ እየሠራ ከወደቀ ሄዱ ሰሃኑ ላይ ያርፋል፣ ወይም ይጣመማል። የተጣመመ ሄድ በዚያ ፍጥነት በሚዞር ሰሃን ላይ ሲጎተት ፋይሉ የተጻፈበት ስስ ሽፋን ተፍቆ እንደ አቧራ ይረግፋል። የተፋቀውን ማንም፣ በየትኛውም አገር፣ በምንም ዋጋ አይመልሰውም። ነቅሎ መሰካት፣ መነቅነቅ፣ "የሱ ላፕቶፕ ላይ ደሞ እንሞክረው" ማለት ሁሉ ፍቂያውን ማገዝ ነው።

ተቃራኒውን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ አየር ላይ ተበታተነች። አብሯት የነበረ አንድ ሀርድ ዲስክ ከሰማይ ወድቆ፣ ከወራት በኋላ ውሃው በጎደለ ሐይቅ ስፍራ ላይ ተገኘ፤ ተቃጥሎ፣ ላስቲኩ ቀልጦ። ኦንትራክ የሚባለው ዳታ የማውጣት ኩባንያ ሰሃኑን አጽድቶ ወደ 99 ከመቶ የሚሆነውን ዳታ አወጣው፤ በውስጡ የነበረው ሳይንሳዊ ሙከራም በ2008 ታተመ። ከጠፈር የወደቀው ዲስክ የተረፈው ዳታው ያረፈበት የሰሃኑ ክፍል ስላልተፋቀ ነው። ከጠረጴዛ ላይ የወደቀው የኛ ዲስክ ደሞ ለመሞት አሥር ጊዜ መሰካት ይበቃዋል።

የደሴ ከፍታ ዲስክ ያበላሽ ይሆን ወይ ለምትሉ፦ አያበላሽም። ሄዱን ከሰሃኑ በላይ የሚያንሳፍፈው አየር ስለሆነ አምራቾች የከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ የተለመደው 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይልቅ የሚያሳስበው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መግባት ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ብርዱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በክረምት ጠዋት እንደ በረዶ ቀዝቅዞ የመጣ ዲስክ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ላብ ይይዘዋል፣ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው። ስለዚህ እንደደረሳችሁ አትሰኩት። ከቦርሳ ሳታወጡ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

እውነት ተበላሽቷል?

ብዙ "ተበላሸ" የተባለ ዲስክ ደህና ነው። ስለዚህ ሲሰካ እንግዳ ድምፅ የማያሰማ ከሆነና ወድቆ የማያውቅ ከሆነ (ሁለቱም!) ቀላል ቀላሉን ቀድማችሁ አጣሩ።

መጀመሪያ ኬብሉ። ያ ሰፊ ጫፍ ያለው የኤክስተርናል ኬብል በጣም ቶሎ ይላላል። ሌላ ኬብል ተውሳችሁ፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ባለው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3 ደሞ 900 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው። ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ግን ለቅጽበት ከዚህ የበለጠ ሊስብ ይችላል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ ደህና ዲስክ የተበላሸ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስልክ ላይ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። በኦቲጂ ኤክስተርናል የምትሰኩ ብዙዎቻችሁ ናችሁ። ስልኩ ኃይሉ ላይበቃው ይችላል፤ ዲስኩም ተነስቶ ይወድቃል፣ ተነስቶ ይወድቃል። ኃይሉ ቢበቃ እንኳ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን "ኤንቲኤፍኤስ" የተባለ አደረጃጀት አያነቡም። ያኔ ስልኩ "ይህ ዕቃ አይደገፍም፣ ፎርማት ይደረግ" የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ዲስኩ ምንም አልሆነም! ስልኩ ነው ማንበብ ያልቻለው። ያቺን "ፎርማት" የምትል ቁልፍ ከነካችኋት ግን ችግሩ እውነተኛ ይሆናል። ሰርዙት፣ ንቀሉት፣ ኮምፒውተር ላይ እዩት።

ቀጥሎ የሾርትከት ቫይረሱ ጣጣ ይመጣል። ከኢንተርኔት ቤት፣ ከፎቶኮፒ ቤት፣ ፊልም ከሚጭኑበት ቤት ፍላሽና ኤክስተርናል ሰክቶ የተመለሰ ሰው ያውቀዋል፦ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ፣ ወይም የዲስኩን ስም የያዘች አንዲት ሾርትከት ብቻ ትቀራለች። እዚህ ላይ ፋይል አልጠፋም፣ ተደብቋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዲስኩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ እዩ። 600 ጊጋ ተይዟል ካለ 600 ጊጋው እዚያው አለ። ሾርትከቷን ደጋግማችሁ አትክፈቷት፣ በተከፈተች ቁጥር ቫይረሱ ነው የሚነሳው። ዊንዶውስ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ ከዚያም "የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ" የሚለውን ምርጫ አጥፉ፤ ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ያላችሁ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው።

ስልክ የሚጠቅምበት ቦታም ይሄ ነው። ፍላሹን በኦቲጂ አንድሮይድ ላይ ሰኩት። ዊንዶውስ እንዲደበቅ የታዘዘውን ፋይል አንድሮይድ አይደብቀውም፣ የዊንዶውስ ቫይረስም እዚያ አይነሳም። ፋይሎቹን እያያችሁ ወደ ስልካችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። ፎርማት ማድረግ ካለባችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፁን ስሙ

ቀላሉ ካልሠራ ጆሯችሁን አስጠጉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ሰከንድ።

በእኩል ልዩነት "ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ" የሚል ከሆነ ሄዱ መንገዱን እየፈለገ አላገኘውም ማለት ነው፤ ተጎድቷል፣ ወይም ሰሃኑ ላይ ያለው የዲስኩ የራሱ መመሪያ አልነበብ ብሎታል። "ጢ… ጢ…" የሚል ቀጭን ጩኸት ከሆነ ሞተሩ ሊዞር ፈልጎ አልቻለም፤ ብዙውን ጊዜ ሄዱ ሰሃኑ ላይ ተጣብቆ ነው። በነዚህ ሁለት ድምፆች ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሠራ ምንም ሥራ የለም። ሶፍትዌርም አይረዳም፤ የእግር ስብራትን በአሞክሳሲሊን እንደማከም ነው።

ጭራሽ ምንም ድምፅ፣ ምንም ንዝረት ከሌለ ግን ነገሩ ከታች ያለው ሰርኪት ቦርድ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ካሉት ሁሉ የተሻለው ክፉ ዜና ነው። በተለይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ኤክስተርናል የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር አለው። የላፕቶፕ አዳፕተር ብዙ ጊዜ 19 ቮልት ነው፤ ጫፉ ከገጠመ ተሳስቶ የሚሰካ አይጠፋም። ያኔ ቦርዱ ላይ "ቲቪኤስ ዳዮድ" የተባለ ትንሽ ዕቃ ራሱን አቃጥሎ ሌላውን ያድናል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ብየዳ የሚችል፣ ሜትር መለካት የሚያውቅ ባለሙያ ያን ዳዮድ አንስቶ ዲስኩ የሚነሳበት ጊዜ አለ። የዲስኩ ዳታም ያኔ ሳይነካ ይገኛል።

ይነሳል፣ ይታያል፣ ግን ታሟል

ዲስኩ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ያንቀራፍፋል። ኮፒ ሲደረግ በደህና ፍጥነት ሄዶ ሄዶ ዜሮ ላይ ይቆማል። ወይም ዊንዶውስ "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርገው" ይላል። ዛሬ በእጃችሁ ያለ፣ ነገ ላይኖር የሚችል ዲስክ ይሄ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለች ነፃ ፕሮግራም አለች፤ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የመዘገበውን ታሳያለች። ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አደጋ ነው። በተለይ "ካረንት ፔንዲንግ ሴክተር" የምትለው መስመር ላይ ጥሬ ቁጥሩ ከዜሮ ከተለየ፣ ሰሃኑ ላይ ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎች አሉ ማለት ነው። ይህን ካያችሁ ዊንዶውስ "ልፈትሸውና ልጠግነው" ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ቼክ ዲስክ የሚባለው ጥገና የተሠራው የፋይል አደረጃጀቱን ለማስተካከል ነው፤ ለፋይላችሁ አይጨነቅም፣ ለመረዳት ያቃተውን ቆርጦ ይጥላል። በታመመ ዲስክ ላይ ደሞ ሰዓታት ሙሉ ያስሮጠዋል።

ዲስኩ ገና ካነበበ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሙሉውን መርጣችሁ ኮፒ አትበሉ። መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ፣ ቀጥሎ የሰርግ ቪዲዮ። ያ 300 ጊጋ የኮሪያ ድራማና የቱርክ ፊልም መጨረሻ፤ እሱ ከየትም ይጫናል። ዲስኩ መሐል ላይ ቢሞት የሚያስለቅሰው ነገር ወጥቶ ይሙት።

በተራ ኮፒ እምቢ ካለ ትክክለኛው መንገድ ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ደህና ዲስክ መገልበጥና የማዳን ሥራውን በግልባጩ ላይ መሥራት ነው። የሙያው መሠረታዊ ሕግ ይሄ ነው፦ የታመመው ላይ አይሠራም። ለዚህ የሚሆን "ዲዲሬስኪው" የሚባል ነፃ መሣሪያ ሊኑክስ ላይ አለ። ተራ ኮፒ አንድ የተበላሸ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ይሄኛው ግን ዘሎ ያልፍና ደህናውን ሁሉ ቀድሞ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ቦታ በመጨረሻ ይመለስበታል። የደረሰበትን ሁሉ በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። በኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ፦ መቀበያው ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ፣ ምንጩንና መቀበያውን ካምታታችሁ ባዶው ዲስክ ፋይላችሁ ላይ ይገለበጣል። ትዕዛዝ መጻፍ የማትወዱ ከሆነ የሚያውቅ ጓደኛ ይዛችሁ ሥሩት። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሊኑክስ የሚያውቅ ተማሪ አይጠፋም፤ ምሳ ጋብዙት።

ግልባጩ ከወጣ በኋላ ነው የማዳኛ ሶፍትዌሩ ተራ። ቴስት ዲስክ የጠፋ ፓርቲሽንን ይመልሳል። ከሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ፎቶሬክ ደሞ የፋይል ማውጫው ቢጠፋ እንኳ ፎቶና ቪዲዮን በአጀማመራቸው እየለየ ያወጣል። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ "ክራክ" የተደረገ ሶፍትዌር ፍለጋ ሄዳችሁ ሌላ ቫይረስ ይዛችሁ አትምጡ። ፎቶሬክ የፋይል ስም አይመልስም፤ 40,000 ፎቶ በቁጥር ተሰይሞ ይመጣና መለየቱ የናንተ ሥራ ይሆናል። ረጃጅም ቪዲዮዎችም ዲስኩ ላይ ተበጣጥሰው ተቀምጠው ከነበረ ላይከፈቱ ይችላሉ።

በስሕተት ለተሰረዘ ወይም ፎርማት ለተደረገ ደህና ዲስክም መንገዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፦ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ። የማዳኛ ሶፍትዌሩንም እዚያው ላይ አትጫኑ፣ የወጣውንም ፋይል እዚያው አታስቀምጡ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው ቀጭን ነው። ኤስኤስዲና አንዳንድ አዳዲስ የሚሽከረከሩ ዲስኮች "ትሪም" በሚባል ትዕዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ራሳቸው ያጸዳሉ፤ ወዲያው መንቀል ብቻ ነው ጥቂት ዕድል የሚሰጠው።

ጥገና ቤት ስትሄዱ

ደሴም ኮምቦልቻም ጎበዝ የሞባይልና የኮምፒውተር ባለሙያዎች አሉ፤ ቦርድ ብየዳ ላይ እጃቸው የሚደነቅ። ግን ሶፍትዌር መጫን፣ ቦርድ መጠገንና የዲስክ ሆድ መክፈት ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ዲስኩን ከመስጠታችሁ በፊት ሳታፍሩ ጠይቁ።

"መጀመሪያ ትገለብጠዋለህ ወይስ እዚሁ ላይ ነው የምትሠራው?" ብላችሁ ጀምሩ። "እዚሁ ላይ ስካን አደርገዋለሁ" ካለ እና ዲስኩ ድምፅ ያለው ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። "ትከፍተዋለህ?" በሉት። ዲስክ የሚከፈተው ክሊን ሩም በሚባል፣ አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ የተለመደው ደረጃ "ክላስ 100" ይባላል፤ በአንድ ኪዩቢክ ጫማ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ቅንጣት ከ100 መብለጥ የለበትም። በሩ ወደ አስፋልት የተከፈተ፣ ባጃጅ አቧራ እያስነሳ የሚያልፍበት ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ዲስክ የመጨረሻ ዕድሉን ያጣል። ሄድ መቀየር እችላለሁ የሚል ሰው ክፍሉን ያሳያችሁ፤ ፒሲ 3000 የሚባለውን የሙያ መሣሪያ ይጠቀም እንደሆነም ጠይቁት።

"ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ቦርዱን ልቀይርልህ" የሚል ሐሳብም ይመጣል። ድሮ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ቦርድ ላይ የዚያን ዲስክ ብቻ ልክ የያዘ ትንሽ ቺፕ አለ፤ እሱ ወደ አዲሱ ቦርድ ካልተዛወረ ብዙውን ጊዜ አይነሳም። የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት የያዛችሁ ደሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳው ቦርዱ ላይ ራሱ የተበየደ ነው፤ ከሳጥኑ አውጥቶ በሌላ ማገናኛ መሞከር አይቻልም። በዚያ ላይ ፓስወርድ ባታደርጉበት እንኳ ዳታውን እየቆለፈ የሚጽፍ ነው፤ ሰሃኑ ደህና ሆኖ ቦርዱ ከጠፋ የሚነበበው ነገር ሁሉ ትርጉም የለሽ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቦርድ፣ ብሎን፣ ሳጥን፣ ምንም አይጣልም።

ሌላው በግልጽ የማይወራው ጉዳይ ምስጢር ነው። ዲስኩ ውስጥ የእህት ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የባንክ ወረቀት፣ ለሰው የማይታይ ነገር ሊኖር ይችላል። ቢቻል አጠገቡ ሆናችሁ ይሠራ። ካልሆነ የወጣው ፋይል ከሱ ኮምፒውተር ላይ ዐይናችሁ እያየ ይሰረዝ። የፎቶ ቤት ባለቤት ከሆናችሁ ኃላፊነቱ ይከብዳል፤ የሰው ሙሽራ ፎቶ ነው የያዛችሁት። ዋጋውንም ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ካልወጣ ስንት፣ ከወጣ ስንት፣ ግማሹ ቢወጣስ?

ዲስኩን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ለመላክ ከወሰናችሁ በስፖንጅ ጠቅልሉት፣ ሰው በእጁ ይያዘው። የጠፋ ዲስክ ከሚሠራ ዲስክ ይልቅ ግጭትን በብዙ እጥፍ ይችላል፤ ቢሆንም የአውቶብስ ጭነት ላይ ከዘይት ጀሪካን ጋር አይደረደርም። ወረቀት ላይ ምን እንደሆነ ጻፉበት፦ ወድቋል፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ተሰካ፣ ማን ከፈተው። ባለሙያ ከሐኪም አይለይም፣ ታሪክ ይፈልጋል።

ፍሪዘር፣ ሩዝና ሌላው

ዩቲዩብ ላይ ዲስክ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ የሚል አለ። ሲወጣ የሚይዘው ላብ ሰሃኑ ላይ ይቀራል፤ ዛሬ ባለው ጥግግት የተሠራ ዲስክ ላይ ይሄ ፍርድ ነው። መዳፍ ላይ መምታትም እንዲሁ። ውሃ የገባበትን ሩዝ ውስጥ መቅበር ደሞ የውስጡን ቆሻሻ አያወጣም። ብዙ ዲስኮች ላይ "አትሸፍኑ" የሚል ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለ፤ ውሃ በዚያ ይገባል፣ በደረቀ ጊዜ ጭቃውና ጨዉ ሰሃኑ ላይ ይጋገራል። ጎርፍ ወይም ዝናብ ያገኘው ዲስክ አይሰካም፣ በፀጉር ማድረቂያ አይደርቅም፤ እርጥበቱ እንዳለ አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽጎ ወደ ባለሙያ ይሄዳል።

ሁለተኛው ኮፒ የት ይቀመጥ?

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከሌላ ቦታ። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኛ ጋ ግን "ሌላ ቦታ" የሚለው ቃል ሊታሰብበት ይገባል።

አንዱን ደሴ ቤት፣ አንዱን ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ማስቀመጥ ሁለት ቦታ ይመስላል። ለሌባና ለእሳት ይሠራል። ግን በ2014 ጥቅምት ወር ሁለቱ ከተሞች በጥቂት ቀናት ልዩነት በህወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ መንግሥት ሁለቱንም መልሶ መያዙን ያስታወቀውም በአንድ ቀን፣ ህዳር 27 ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል መዘረፋቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ብዙ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ልጅ፣ ልብስና ስልክ እንጂ መሳቢያ ውስጥ ያለ ዲስክ ትዝ አላለውም። በዚያ ሳምንት ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ቦታ ነበሩ።

ስለዚህ ሦስተኛው ኮፒ ከወሎ ይውጣ። አዲስ አበባ አክስት ጋ፣ ወይም ኢንተርኔት ላይ። ኢንተርኔቱንም ግን ብቻውን አትመኑት። በየካቲት 2015 ቴሌግራም ራሱ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብሎ ነበር፤ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ ደሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጧል። ዳታ ባለበት ቀን ነው መጫን። ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ግን ሊያጠፋ ይችላል። ቴሌግራም "ሴቭድ ሜሴጅ" ላይ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ይቀመጣል። ፎቶ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን "ፋይል" ብላችሁ ላኩ፤ አለዚያ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ መጫን ለኪስ ከባድ ነው፤ የተመረጡ 200 ፎቶዎችን መጫን ግን የሁላችሁም አቅም ነው።

በዓመት አንዴ፣ ለምሳሌ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለኢድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ኮፒዎቹን ከፍታችሁ እዩ፤ ፎልደሩን ብቻ ሳይሆን ቪዲዮውን ራሱን አጫውቱ። ለዓመታት ተቀምጦ ሲከፈት ባዶ የሆነ ኮፒ አለ። ኬብሉንም ከዲስኩ ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጡት፤ ያ ሰፊ ጫፍ ያለው ኬብል በተፈለገ ቀን አይገኝም።